ሲሄዱ የሚመዘን፣ ሲመለሱ የማይጠየቅ ሙያ

ከአረብ አገር ስለሚመለሱ ወገኖቻችን ብዙ ተጽፏል። ባመዛኙ የሚጻፈው ስለደረሰባቸው በደል፣ ስለተከለከሉት ደመወዝ፣ ስለ ባሕሩ አደጋና ስለ ደላላው ነው፤ መጻፉም ተገቢ ነው። ብዙም ያልተነካ ጥያቄ ግን አለ። እነዚህ ሰዎች ሁለት፣ አምስት፣ አንዳንዶቹም አሥር ዓመት ሠርተው ሲመለሱ ምን ሙያ ይዘው መጡ? ያ ሙያስ እዚህ ምን ላይ ዋለ? ይህ ዳሰሳ የተመላሾቹን ሁኔታ፣ የሙያውን ዓይነት፣ ጥናቶች የደረሱበትን፣ እንዲሁም ሙያውን መቀበል የሚገባቸውን የአገር ቤት ገበያና ሕግ በየተራ ያያል።

እነማን፣ እንዴት ተመለሱ?

የቅርብ ጊዜው መመለስ በአብዛኛው የጅምላ ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ መኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሠራተኞች ማስወጣት ስትጀምር፣ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ አገራቸው ገቡ። በዚያው ሰሞን መንግሥት ለሥራ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን ሕጋዊ ጉዞ አገደ፤ እገዳው የተነሣው በ2010 ዓ.ም. ነበር። ሕጋዊው በር ሲዘጋ ጉዞው በጂቡቲና በየመን በኩል ቀጠለ። መጋቢት 2009 ዓ.ም. ሳዑዲ ፈቃድ የሌላቸው ሳይቀጡ እንዲወጡ የምሕረት ጊዜ አወጀች። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሁለት ዓመታት ገደማ 260,000 የሚያህሉ ሰዎች መመለሳቸውን ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት አስታውቋል። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ፣ አሠሪዎቻቸው መክፈል ያቃታቸው የቤት ሠራተኞች ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ተጥለው ታዩ። መጋቢት 2014 ዓ.ም. ላይ ደግሞ ሌሎች 102,000 ሰዎችን ከሳዑዲ ለመመለስ ስምምነት ላይ ተደረሰ።

ሁሉም «ከስደት ተመላሽ» ይባሉ እንጂ አመጣጣቸው ለየቅል ነው። ኮንትራቷን ጨርሳ፣ አንዴ ሁለቴ አድሳ፣ ለእናቷ ቤት አሠርታ፣ ሻንጣዋን ሞልታ የምትመለስ አለች። ከኮንትራት ቤት ጠፍታ በየቤቱ እየተዘዋወረች ስትሠራ ቆይታ፣ በራሷ ጊዜ «ይበቃኛል» ብላ የመጣች አለች። ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ስለሌላት መንገድ ላይ ተይዛ፣ ጅዳ አጠገብ ባለው የሹሜሲ እስር ቤት ታስራ፣ በለበሰችው ልብስ አውሮፕላን ላይ የወጣችም አለች። ሦስቱም አንድ ዓይነት ሥራ ሠርተው ይሆናል፤ ሙያቸውን አገር ቤት ሥራ ላይ የማዋል ዕድላቸው ግን እጅግ የተራራቀ ነው።

ዣን ፒዬር ካሳሪኖ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ልዩነት ዝግጁነት ብሎ አስቀምጦታል። ሰው ተመልሶ የሚሳካለት ለመመለስ ራሱ ሲወስንና ለመመለሻው የሚሆን ገንዘብ፣ ዕውቀትና ግንኙነት አስቀድሞ ሲያጠራቅም ነው። ከሹሜሲ በቀጥታ ቦሌ የወረደችው ሁለቱም የሏትም። ስለዚህ ተመላሾች ምን ሠሩ ብሎ ከመጠየቅ በፊት እንዴት ተመለሱ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ምን ተምረው መጡ?

እውነቱን ለመናገር ስደት ሁሉ ሙያ አያስተምርም። ከወሎና ከራያ ተነሥቶ በየመን በኩል ሳዑዲ የገባ ወጣት ጂዛን አካባቢ ፍየል ሲጠብቅ ወይም በሰው ግቢ ዘብ ሲቆም ከርሞ ከተባረረ፣ ከቤቱ ሲወጣ የማያውቀውን ብዙ ነገር አልተማረም። ባለ ዲግሪዋ መምህርት ቤት ስትጠርግ አምስት ዓመት ቆይታ ስትመለስ ደግሞ ያላት ሙያ ጭምር ዝጎ ነው የሚጠብቃት። ስደት ሙያ የሚሰጠውን ያህል ሙያ ይቀማል፤ ይህ ሳይነገር የሚቀርብ የተመላሾች ዳሰሳ ጎዶሎ ነው።

ሌላው ወገን ግን ሰፊ ነው። በወንዶቹ በኩል ሴራሚክ ማንጠፍ፣ የጂፕሰም ሥራ፣ አሉሚኒየም፣ ቀለም፣ የኤሌክትሪክ መስመር ዝርጋታ፣ የከባድ መኪና ሹፍርና አለ። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሄዱት የሀዲያና የከምባታ ልጆች የተማሩት ንግድ ነው። ሸቀጥ ተሸክመው «ሎኬሽን» በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ በዱቤ ከመሸጥ ጀምረው፣ ሱቅ ከፍተው፣ ከጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ጅምላ እየገዙ የሚያከፋፍሉ ሆነዋል።

ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመለሱት ሴቶች ሥራ በአንድ ቃል «የቤት ሥራ» ተብሎ ይታለፋል። ቀረብ ብለን እንየው። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ የስኳር ሕመምተኛ አሮጊት ያሉበት ቤት የሠራች ሴት ጠዋት ከቁርስ በፊት ስኳራቸውን ለክታ ትጽፋለች። የኢንሱሊኑን መጠንና ሰዓት ታውቃለች። ላብ ሲያጠምቃቸውና እጃቸው ሲንቀጠቀጥ ስኳራቸው መውረዱን ተረድታ ጣፋጭ ነገር ፈጥና ትሰጣለች። ገላቸው እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጣቸዋለች። መድኃኒቱን በየሰዓቱ ለይታ ታስቀምጣለች፤ ሐኪም ሲመጣ የሆነውን ሁሉ በዓረብኛ ታስረዳለች። ይህን ሦስት ዓመት የሠራችን ሴት ቦሌ ላይ «ምን ትሠሪ ነበር?» ብትሏት መልሷ «ሰው ቤት» ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል እንዲሉ፣ ራሷም ሙያ ነው ብላ አትቆጥረውም፤ የሚቆጥርላትም አላጋጠማትም።

ጥናቶች የደረሱበት

የውጭ ልምድ አገር ቤት ይሠራል ወይ የሚለው ክርክር ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ቆይቷል። ፍራንቼስኮ ቼራሴ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተመው ጥናት ከአሜሪካ ወደ ደቡብ ኢጣሊያ የተመለሱ ሰዎችን በአራት ከፍሎ ነበር፦ ሳይሳካላቸው የመጡ፣ መሬት ገዝተው እንደ ድሮው ለመኖር የመጡ፣ ለጡረታ የመጡና አዲስ አሠራር ይዘው የመጡ። ተስፋ የተጣለባቸው አራተኞቹ ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ነባሩ የአካባቢ ጥቅምና ሥልጣን እንዳላላወሳቸው ቼራሴ አስተውሏል። እዚህ «እኛ አገር እንዲህ አይሠራም» የሚባል ተመላሽ ባለሙያ ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የግብፅ ጉዳይ ነው። ባሪ ማክኮርሚክና ጃክሊን ዋህባ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ጥናት፣ ከውጭ የተመለሱ ግብፃውያን የራሳቸውን ሥራ የሚከፍቱት ምን ሲኖራቸው ነው ብሎ ይጠይቃል። ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ተመላሾች ዘንድ ያጠራቀሙት ገንዘብም ውጭ የቆዩበት ዘመንም ሥራ የመክፈት ዕድላቸውን ያሳድጋል። ፊደል ያልቆጠሩት ዘንድ ግን ረጅም ቆይታ ብቻውን ለውጥ አያመጣም፤ የሚወስነው ጥሪቱ ነው። ይህ ውጤት ለእኛ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ይዟል። ከገጠር ወሎ፣ ከአርሲ ወይም ከጅማ ትምህርቷን አቋርጣ የሄደች ልጅ ደመወዟን በየወሩ ለቤተሰብ ስትልክ ኖራ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ ከትምህርቱም ከጥሪቱም የለችበትም። «ልምድ አላት፣ ትፍጠርበት» ማለት ለእሷ አይሠራም። ልምዷን የሚገዛ አሠሪ ያስፈልጋታል።

ተስፋ የሚሰጠው ማስረጃ ከቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ የመጣ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ጦርነቱን ሸሽተው ጀርመን የገቡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከዴይተን የሰላም ስምምነት በኋላ አብዛኞቹ ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ተደረገ። ዳኒ ባሃር፣ ሂለል ራፖፖርትና ባልደረቦቻቸው ውሎ አድሮ የሆነውን ሲመረምሩ፣ ስደተኞቹ ጀርመን ውስጥ በብዛት የሠሩባቸው የኢንዱስትሪ ዘርፎች ከተመለሱ በኋላ በአገር ቤት ወደ ውጭ የሚልኩት ምርት ከሌሎቹ ይበልጥ ማደጉን አገኙ። ተመላሾቹ በምርጫቸው የመጡ አልነበሩም። ነገር ግን ሙያቸውን የሚቀበል ፋብሪካ ነበረ።

ጥናቶቹ አንድ ላይ ሲነበቡ የሚሉት ይህን ነው፦ ሙያ በሰው እጅ ድንበር ይሻገራል፤ ሲሻገር ፍሬ የሚሰጠው ግን የሚቀበለው ቦታ ሲኖር ብቻ ነው።

ገበያ ያገኘው ሙያ

አገራችን ውስጥ የውጭ ሙያ ጥቂት መንገዶችን አግኝቷል። አንዱ ምግብ ነው። ከብሳና መንዲ የተባሉትን የዓረብ ምግቦች የሚሠሩ ምግብ ቤቶች ዛሬ እንግዳ አይደሉም፤ ሩዙን በቅመም ማብሰልና ሥጋውን በጉድጓድ ምድጃ አፍኖ ማውጣት የሰው ወጥ ቤት ውስጥ የተማሩትን ሰዎች እጅ ይፈልጋል። ሌላው ንግድ ነው። በሆሳዕና ከተማ ሆቴሎች፣ የንግድ ሕንፃዎችና የትራንስፖርት ሥራዎች ከደቡብ አፍሪካ በመጣ ገንዘብ ተነሥተዋል፤ ከገንዘቡ ጋር የመጣውን የጅምላ ንግድ ዕውቀትም ማሰብ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው የግንባታ ሥራ ነው፤ እዚህ ላይ ግን እንቅፋቱ ቶሎ ይታያል። ዱባይ ወይም ሪያድ ሴራሚክ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ወለሉን በሌዘር ለክቶ፣ ሙጫውን ጥርስ ባለው ብረት አስምሮ፣ በሴራሚኮቹ መካከል የፕላስቲክ መለያ አስገብቶ ነው የሚሠራው። ሥራው ሲያልቅ ውስጡ ባዶ ሆኖ የሚጮህ ሴራሚክ አይገኝም። አገር ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ክር፣ ውሃ ልክ፣ ሲሚንቶና አሸዋ ነው። ሌዘሩን መግዛት ለእሱ ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፤ ሙጫውን ደግሞ አሠሪው «ለምን ይጨመርብኛል?» ይላል። ክፍያው በካሬ ስለሆነ ጥንቃቄው ቀን ይበላበታል፤ የቀን ገቢው ቸኩሎ ከሚያነጥፈው ሰው ያንሳል። ጥቂት ወር ቆይቶ እሱም እንደ ሌላው መቸኮል ይጀምራል። ሙያው በዚህ መንገድ ይጠፋል።

ዓረብኛውም ገበያ አለው፤ የሚያሳዝነው ገበያው የሚገኝበት ቦታ ነው። ቋንቋውን የቻሉት በኤጀንሲ አስተርጓሚ፣ በቅድመ ጉዞ ሥልጠና አሠልጣኝ ይሆናሉ። ጥቂቶቹም ደላላ ይሆናሉ። አሠሪ የሚፈልግ ኤጀንሲ «አረብ አገር የሠራች ነች» የሚለውን ቃል ዋጋ ያውቃል፤ ልምድ ያላት ቶሎ ትሄዳለች። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የተመላሿን ልምድ ዋጋ ጠንቅቆ የሚያውቀው ገበያ መልሶ የሚወስዳት ገበያ ነው።

ገበያ ያጣው ሙያ

የሚጎዳው የእንክብካቤው ሙያ ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ሴቶች የያዙት እሱን ነው። ፍላጎቱ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። በከተሞቻችን ሁለቱም ወላጆች የሚሠሩበት ቤት እየበዛ፣ ልጅ የሚያቆይ ሰው እየጠፋ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ስትሮክ የመታቸውና ስኳር ያለባቸው አረጋውያን ከሆስፒታል ወጥተው ቤት የሚተኙት በዘመድ እጅ ነው፤ ያ ዘመድ ደግሞ ሥራውን ትቶ ነው የሚያስታምመው።

ታዲያ ያቺ አሮጊቷን ስታገላብጥ የኖረች ሴት ለምን እዚህ ሥራ አታገኝም? ታገኛለች፤ የምታገኘው ግን «የቤት ሠራተኛ» ተብላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። ከሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 377/1996ም ያደረገው ይህንኑ ነበር። የሥራ ሰዓት፣ የዓመት ፈቃድ፣ የስንብት ክፍያ የሚሉት መብቶች በሩ ላይ ይቀራሉ። ስለ አረብ አገር አሠሪዎች የምንናገረውን ያህል ስለ ራሳችን ቤት አንናገርም።

የደመወዙ ነገር ደግሞ አለ። በሳዑዲ የኮንትራት የቤት ሠራተኛ መነሻ 1,000 ሪያል ገደማ ነው፤ በዶላር 267 ያህል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ትምህርት ቤት ማዕከል ባወጣው ዘገባ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። ሰዓት አክባሪዋ፣ ማሽን የማይደንቃት ተመላሽ ለፋብሪካ የተመቸች ሠራተኛ ናት ይባላል። ልክ ነው፤ ግን አንድ አሥረኛ ደመወዝ ለመቀበል የሚያበቃ ምክንያት እስካሁን አልቀረበላትም።

ወረቀቱ የት ላይ ተሰበረ?

ለውጭ አገር ሥራ ስምሪት የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛው ለሚሄድበት ሙያ የብቃት ማረጋገጫ፣ በተለምዶ ሲ.ኦ.ሲ. የምንለውን፣ እንዲይዝ አዟል። ስለዚህ ልጅቱ ከመሄዷ በፊት ሠልጥና ትመዘናለች፤ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የዲጂታል ሥርዓትም ትመዘገባለች። ከዓመታት በኋላ ስትመለስ የያዘችው ወረቀት ያኔ የተሰጣት ነው። ሥራውን ሳታውቀው ተመዝና፣ ካወቀችው በኋላ የሚመዝናት አጣች ማለት ነው።

መመዘኛው ግን የለም አይባልም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሙያን የትም ይማሩት የት፣ መሥራት መቻልን መዝኖ ዕውቅና መስጠትን ተቀብሏል። በመርህ ደረጃ ሴራሚክ አንጣፊውም አስታማሚዋም ምዘና ጣቢያ ቀርበው መፈተን ይችላሉ። እንቅፋቱ ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው፦ ክፍያው፣ መንገዱ፣ የጽሑፍ ፈተናውን ማለፉ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይህ ዕድል መኖሩን የሚነግራቸው ሰው መጥፋቱ። ከእስር ቤት የመጣ ሰው ደግሞ ከዚያም በፊት የቀበሌ መታወቂያና መሸኛ ማግኘት አለበት።

የማቋቋሚያ ፕሮግራሞቻችንም በአመዛኙ ይህን ጥያቄ አልፈው ነው የሚጀምሩት። የተለመደው አካሄድ ማረፊያ፣ ምግብና የመንገድ ገንዘብ፣ ቀጥሎ አጭር ሥልጠና፣ ከዚያ በቡድን ማደራጀት ነው። የሥልጠናው ዓይነት የሚመረጠው ኮሌጁ ባለው ክፍልና ወረዳው በያዘው ዕቅድ ነው፤ ዶሮ እርባታ፣ ከብት ማድለብ፣ ብሎኬት። ስምንት ዓመት የሰው ቤት ወጥ ቤት የመራችን ሴት ከማያውቋት አራት ሰዎች ጋር አደራጅቶ ጫጩት መስጠት፣ የያዘችውን ጥሎ የሌላትን ማስያዝ ነው። ቡድኑ ሲፈርስ «ተመላሾች ሥራ አይወዱም» ይባላል።

ሌሎች አገሮች ከጀመሩት

ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት ዜጎቿን ከውጭ ስትመልስ፣ እያንዳንዱ ተመላሽ ምን ዘርፍ፣ በምን የሥራ መደብ፣ ስንት ዓመት እንደሠራ የሚሞላበት ቅጽ አዘጋጅታ፣ መረጃውን ለቀጣሪዎች የሚያደርስ የክህሎት ካርድ ሥርዓት ዘርግታለች። ፊሊፒንስ በውጭ አገር የቤት ሠራተኛ ሆነው የኖሩ የሠለጠኑ መምህራኗን አዘጋጅታ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤቶች የምትመልስበት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2014 ጀምራለች፤ ከላይ ያነሣናት የዛገ ዲግሪ ያላት መምህርት እዚያ ብትሆን የምትሄድበት ቦታ አላት። ስሪላንካ ከትምህርት ቤት ውጭ የተገኘ ሙያን በብሔራዊ የሙያ ደረጃዋ መዝና ዕውቅና ትሰጣለች። እነዚህ አገሮች ችግራቸውን ጨረሱ ማለት አይደለም፤ የሁሉም ሰው አሁንም ይሰደዳል። ነገር ግን ተመላሹን ምን እንደሚያውቅ ጠይቀውታል።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ አንድ ነው። ችግሩ የተመላሾች ሙያ ማነሱ ላይ አይደለም፤ አገሩ ሙያውን አይጠይቅም፣ አይመዝንም፣ ዋጋ አይተምንለትም። በዚህ የተነሣ የውጭ ልምድ አገር ቤት ሥራ ከመሆን ይልቅ ለሁለተኛው ጉዞ ስንቅ እየሆነ ቀርቷል።

ማስተካከያው የሰማይ ያህል የራቀ አይደለም። ሚኒስቴሩ ሠራተኛዋ ስትሄድ የከፈተላትን መዝገብ ስትመለስ መልሶ ይክፈተው፤ ምን እንደሠራች፣ ስንት ዓመት፣ በምን ዕቃ እንደምትሠራ ይጻፍበት። በደሴ፣ በጅማ፣ በሆሳዕና ባሉ የምዘና ማዕከላት ተመላሾች በነፃ፣ በሥራ ላይ እየታዩ፣ በሚችሉት ቋንቋ ይመዘኑ። ተመላሾች ከመደራጀታቸው በፊት ሙያቸው ይታይ፤ ለሴራሚክ አንጣፊው ሌዘሩን በኪራይ ግዢ ማግኘት ከብሎኬት ማሽን ይበልጥበታል። የሕፃናት ማቆያ የሚያቋቁሙ መሥሪያ ቤቶችም ሠራተኛ ሲፈልጉ ወደ እነዚህ ሴቶች ይመልከቱ።

ከሁሉ የሚከብደውና የሚቀድመው ግን የቤት ሠራተኞችና አስታማሚዎች ደንብ ነው። ሁለት አዋጆች በየተራ ለደንብ የተዉት ጉዳይ ወጥቶ ሥራ ላይ ካልዋለ፣ የአብዛኞቹ ተመላሾች ሙያ ሕግ የማያውቀው ሙያ ሆኖ ይቀራል። አንባቢም ድርሻ አለዎት። ለእናትዎ አስታማሚ፣ ለልጅዎ ሞግዚት ሲፈልጉ የሠራችውን ይጠይቋት፤ ካወቀችውም በሙያዋ ልክ፣ በጽሑፍ ውል፣ ከዕረፍት ቀኗ ጋር ይቅጠሯት።